ከአንድ ባሩድ ወደ ሌላ፦ የመስፈሪያ ጽዳትና የቅሪት ነገር

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝባዊ ሌክቸር መርሐ ግብር በቃል ከቀረበ ገለጻ ተገልብጦ፣ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ታርሞ የቀረበ ነው።)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ ሁለት ባልደረቦቼ «የመድኃኒት ቅመማ መምህርን ከባሩድ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላለፉት በርካታ ዓመታት የማስተምረው ስለ ዱቄትና ስለ ደቃቅ ቅንጣት ነው፤ እንዴት እንደሚፈስ፣ እንዴት እንደሚሰፈር፣ በተለይም ደግሞ ከተሰፈረ በኋላ በመስፈሪያው ውስጥ ምን እንደሚቀር። ተማሪዎቼ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ሁልጊዜ ይንቁታል። «ጽዳት የጽዳት ሠራተኛ ጉዳይ ነው» የሚል ስሜት በፊታቸው ላይ አነባለሁ። ስለዚህ ቅሪት የሚያስከትለው መዘዝ በዓይን የሚታይበትና በጆሮ የሚሰማበት ምሳሌ ስፈልግ ቆየሁ። ያገኘሁት በውጭ አገር በምርምር ላይ ሳለሁ፣ በአንድ አሜሪካዊ ጎረቤቴ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች የተተኮሰ ጥይትን ቀለሃ ሰብስበው እንደገና መሙላት የተለመደ ነው። ናሱን ያጸዱታል፣ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልሱታል፣ አዲስ መለኮሻ ከሥሩ ይገጥሙለታል፣ ባሩድ ይጨምሩበታል፣ በላዩም አዲስ አረር ይተክላሉ። አንዳንዱ ገንዘብ ለመቆጠብ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ ከፋብሪካ ከሚወጣው ይልቅ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ጥይት ለማግኘት። በዚያ አገር ለግል አገልግሎት እስከሆነ ድረስ በአደባባይ የሚሠራ፣ መጻሕፍት የሚታተሙለት፣ መሣሪያው በሱቅ የሚሸጥለት ሥራ ነው። በእኛ አገር የግለሰብ ሥራ አይደለም፤ እኔም ላስተምረው አልመጣሁም። በመሆኑም ለየትኛው ጥይት ምን ያህል ባሩድ እንደሚገባ አልናገርም። የምናገረው በሁለት ባሩዶች መካከል ስላለችው አጭር ጊዜ ነው፤ አንዱ ተሰፍሮ አልቆ ሌላው ሊሰፈር ሲል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳናል። «መስፈር» እና «መመዘን» ለእኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቁና፣ በጣሳ፣ በሲኒ እንሰፍራለን፤ በሚዛን እንመዝናለን። መስፈር የቦታ ልክ ነው፤ መመዘን የክብደት። የባሩዱ መጠን በመጽሐፍ የሚጻፈው በክብደት ነው። ነገር ግን መቶ ቀለሃ የሚሞላ ሰው መቶ ጊዜ መመዘን ስለሚሰለቸው በመስፈሪያ ይጠቀማል። መስፈሪያው በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ ከሁለት ጭብጥ የማይበልጥ መሣሪያ ነው። ከላይ እንደ ወፍጮ ቤት ቋት ያለ፣ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ማጠራቀሚያ አለው። ከሥሩ በመዘውር የሚዞር የብረት ሲሊንደር አለ። በሲሊንደሩ ላይ በብሎን የሚጠብና የሚሰፋ ጎድጓዳ ተቀርጿል። መዘውሩ ወደ ላይ ሲነሣ ጎድጓዳው ከቋቱ ይሞላል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይገለበጥና ባሩዱን በጠባብ ቱቦ በኩል ወደ ቀለሃው ይለቃል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የክብደቱ መለኪያ «ግሬን» ይባላል። የመድኃኒት ቤት ሰዎች ይህን ስም ታውቁታላችሁ፤ የድሮ ቀማሚዎች መለኪያ ነው። አንድ ግሬን ወደ 64.8 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ ሰባት ሺህ ግሬን አንድ ፓውንድ ነው። የአስፕሪን ክኒን ለምን 325 ሚሊ ግራም የሚል እንግዳ ቁጥር እንደተጻፈበት ለገረማችሁ፣ አምስት ግሬን ስለሆነ ነው። በብዙ የሽጉጥ ጥይቶች ውስጥ የሚገባው ባሩድም ከዚህች ክኒን ክብደት ብዙ አይርቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መስፈሪያው ለምን በትክክል ይሠራል የሚለው ራሱን የቻለ ውብ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ቋቱ ሙሉ ሲሆንና ሊያልቅ ሲል ጎድጓዳው የሚይዘው መጠን ብዙም አይለያይም። ውኃ ቢሆን ኖሮ ከታች ያለው ግፊት ከከፍታው ጋር ይጨምር ነበር። ደረቅ ቅንጣት ግን ክብደቱን በሰበቃ ወደ ግድግዳው ያሳልፋል። ይህን ጀርመናዊው ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ እህል ጎተራዎች ባቀረበው ጥናት አሳይቷል። ቤቨርሉና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1961 ቅንጣት በቀዳዳ የሚፈስበት ፍጥነት በላዩ ባለው ክምር ከፍታ ላይ እንደማይመሠረት የሚገልጽ ቀመር አወጡ። የአሸዋ ሰዓት የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ባሕርይ ዋጋ ያስከፍላል። ክብደቱን ለግድግዳው የሚያሳልፍ ቅንጣት ግድግዳውን የሚነካ ቅንጣት ነው፤ የሚነካውም አንዳንዴ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ባሩዱ ልግባ። ጥቁር ባሩድ፣ ማለትም የጨው ጴጥሮስ፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ፣ ለዘመናት በመስፈሪያ ሲሰፈር ኖሯል። አባቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው «ፉዚ ግራ»፣ በዚሁ ባሩድ የሚሠራ ነበር። ጥቁር ባሩድ በመጠኑ ሲበዛም ሲያንስም ከተከታዩ ይልቅ ታጋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራ ጭስ አልባ ባሩድ ሲያወጣ ግን የሂሳቡ ሕግ ተለወጠ። በተመሳሳይ ቦታ ውስጥ እጅግ የበለጠ ጉልበት ገባ። ጥቁር ባሩድ በለመዱት መስፈሪያ አዲሱን የሰፈሩ ሰዎች መሣሪያቸውን አፈንድተዋል። አንዳንድ አምራቾችም ሰዉ የለመደውን መስፈሪያ እንዲጠቀም ሲሉ ሆን ብለው ቀለል ያለ፣ ቦታ የሚይዝ ባሩድ ሠሩ። እስከ ዛሬ በአንዳንድ የአሜሪካ የአደን ጥይት ካርቶን ላይ የጥቁር ባሩድ አቻ መጠን ተጽፎ ይታያል።

ቪየይ ለእኛ የተወልን ሌላም ነገር አለ። ባሩድ የሚቃጠልበት ፍጥነት በዙሪያው ባለው ግፊት እንደሚወሰን የሚገልጸው ሕግ በስሙ ይጠራል። በክፍት ሜዳ የተረጨ ጭስ አልባ ባሩድ እንደ ወረቀት «ፍሽ» ብሎ ይነዳል። በተዘጋ ቀለሃ ውስጥ ግን መቃጠሉ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ ግፊትን ይጨምራል፣ ግፊቱ መቃጠሉን ያፈጥናል፣ የፈጠነው መቃጠል ደግሞ ግፊቱን ያንራል። ይህን ዙር የሚገታው አረሩ ወደፊት ሸሽቶ ቦታ መልቀቁ ብቻ ነው። ስለዚህ አምራቾች ለእያንዳንዱ ዓይነት መሣሪያ የሚስማማ ፍጥነት ያለው ባሩድ ይሠራሉ። ቅንጣቱን በዝርግ ፍሌክ፣ በድቡልቡል ኳስ ወይም በአጭር በትር መልክ ይቀርጹታል፤ ገጽታውን በሚያዘገይ ኬሚካል ይቀቡታል፤ አንዳንዱን ከናይትሮሴሉሎስ ብቻ፣ አንዳንዱን ናይትሮግሊሰሪን ጨምረው ያዘጋጁታል። ለአጭር የሽጉጥ ቱቦ ፈጣኑ፣ ለረጅም ጠመንጃና ለከባድ አረር ዝግተኛው ይመረጣል። የአሜሪካው ደረጃ ለ9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት የሚፈቅደው ከፍተኛ አማካይ ግፊት 35,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። የመኪናችሁን ጎማ የምትነፉበት ከ30 እስከ 35 ነው። በእጃችሁ የያዛችሁት ነገር ከጎማችሁ ሺህ ጊዜ ያህል የበለጠ ግፊት ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ የሚተርፈው ኅዳግ ሰፊ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሰው ማለዳ ላይ በፈጣን ባሩድ የሽጉጥ ጥይት ሞልቶ፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው መስፈሪያ ሌላ ባሩድ ሊሰፍር ፈለገ እንበል። ቋቱን ወደ ጣሳው ገለበጠ። ባዶ መሰለው። ሦስት ግሬን ያህል፣ ማለትም ሁለት መቶ ሚሊ ግራም ገደማ፣ ውስጡ ቀረ። ይህ ምን ያህል ያሳስባል?

የመጀመሪያው መልስ «ምንም» የሚል ነው፤ ተማሪዎቼም ሁልጊዜ በዚህ ይጀምራሉ። አዲሱ ባሩድ አንድ ፓውንድ ከሆነ ሦስት ግሬን በሰባት ሺህ ውስጥ ማለት ነው፤ ከመቶ 0.04 ገደማ። በእያንዳንዱ አምስት ግሬን ስፍር ውስጥ የሚደርሰው የግሬን ሁለት ሺህኛ ነው። ማንም ሚዛን አያየውም፣ ማንም ጠመንጃ አይሰማውም። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ግምቱ ነው። ግምቱ ቅሪቱ ከአዲሱ ጋር በእኩል ይደባለቃል ይላል። ቅሪት ግን አይደባለቅም። ቅሪት ማለት በትርጉሙ ከሌላው ጋር ለመፍሰስ እምቢ ያለ ቅንጣት ነው። በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ተጣብቋል፣ ወይም በብሎኑ ጥርስ ሥር ተወሽቋል፣ ወይም በመውረጃው ቱቦ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ሆኖ ይጠብቃል። ሃያ ስፍር ሲያልፍ ዝም ይላል። ከዚያ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ወይም መዘውሩ ጠንከር ብሎ ሲመታ ተያይዞ ይወርዳል፤ የሚወርደውም በአንድ ቀለሃ ውስጥ ነው።

ይህን በዓይን እንድታዩት ነው ይህን ዕቃ ይዤ የመጣሁት። በጠረጴዛው ላይ የምታዩት የተገለበጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሥሩ ትንሽ ማዞሪያ ተበጅቶለታል። ባሩድ የለውም፤ ጤፍ ነው። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሽጉጥ ባሩድ ቅንጣት ጥሩ ምትክ ነው። መጀመሪያ ቀይ ጤፍ ሞላሁበትና ገለበጥሁት። አሁን ነጭ ጤፍ አስገብቼ በእነዚህ ሲኒዎች እሰፍራለሁ። እንደምታዩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲኒዎች ጥቂት ቀይ ፍሬዎች ወጥተዋል፤ ቀጥሎ ንጹሕ ነጭ፣ ንጹሕ ነጭ፣ ንጹሕ ነጭ። አሁን ጠርሙሱን በጣቴ ልንካው። ይህን ሲኒ አሳልፉላቸው እባካችሁ። ከዘጠኝ ንጹሕ ሲኒ በኋላ የመጣ ሠርገኛ ነው። ገበያ ላይ ሠርገኛ ጤፍ ቢሸጡላችሁ ዋጋ ትከራከራላችሁ፤ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ግን ክርክሩ ከጣት ጋር ነው።

ቅሪቱ የት እንደተቀመጠም ለውጤቱ ወሳኝ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ከሲሊንደሩ በላይ፣ በቋቱ ግድግዳ ላይ ያለ ቅሪት ሲወርድ ወደ ጎድጓዳው ይገባል። ጎድጓዳው ደግሞ ልኩ የተወሰነ ስለሆነ፣ የገባው ያህል አዲስ ባሩድ ሳይገባ ይቀራል። የስፍሩ መጠን ብዙም ሳይለወጥ ዓይነቱ ይለወጣል ማለት ነው። ከሲሊንደሩ በታች፣ በቱቦው ውስጥ ያለ ቅሪት ግን በሙሉው ስፍር ላይ ይጨመራል። አምስት ግሬን ስምንት ይሆናል። በመጀመሪያው ሁኔታ ሚዛን አያድንም፤ ሚዛን ክብደትን እንጂ ማንነትን አይናገርም። አምስት ግሬን ፈጣን ባሩድና አምስት ግሬን ዝግተኛ ባሩድ በሚዛን ላይ አንድ ናቸው። «እኔ እያንዳንዱን እመዝናለሁ፣ ስለዚህ ማጽዳት አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ እንደመለሰ ሰው ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ሚዛን ያድናል፤ ዓይን ግን ላያድን ይችላል። ፈጣን ባሩድ በጥቂቱ ብዙ ስለሚሠራ ቀለሃውን አይሞላውም፤ እጥፍ ቢገባበት እንኳ ሳይፈስ የሚይዝ ቀለሃ ብዙ ነው።

ተቃራኒው አቅጣጫም ደኅና አይደለም። ለረጅም ጠመንጃ የተሠራ ዝግተኛ ባሩድ በሽጉጥ ስፍር ውስጥ ቢገባ የሚያስፈልገውን ግፊት ስለማያገኝ በቅጡ አይቃጠልም። አረሩ ይነሣና በቱቦው መካከል ይቆማል። ተኳሹ የሚሰማው ከወትሮው የደከመ «ጧ» ነው። ዒላማው ላይ ቀዳዳ ሳይፈልግ፣ ቱቦውን ሳይመለከት ሁለተኛውን ከተኮሰ፣ የሚቀጥለው ሙሉ ጥይት የተዘጋ መንገድ ይገጥመዋል። እንዲህ ያለው አደጋ ከፈጣን ባሩድ ብዛት ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ የሚያታልለውም በድክመት ስለሚጀምር ነው።

ጽዳቱ እንዴት ይከናወናል? ጎረቤቴ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ፣ ያሳዩኝን እናገራለሁ፤ ምክንያቱን ግን እኔ ነኝ የምጨምርበት። እርሳቸው ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከጠረጴዛው ነበር። በላዩ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይኖራል፤ ሌላው ሁሉ በመደርደሪያ ነው። ከጣሳው ስም የተቀዳ ቁራጭ ወረቀት በቋቱ ላይ ይለጠፋል። ቋቱ የሚገለበጠው ስሙ ወደ ተጻፈበት ወደ ራሱ ጣሳ ብቻ ነው። ከዚያ የጎድጓዳው ብሎን እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ ጠባብ ሆኖ ከተተወ ከተንቀሳቃሹ ክፍል ሥር ቅንጣት ይደበቃልና። መዘውሩ አሥር ያህል ጊዜ በባዶ ይዞራል፤ የመስፈሪያው አካል በእንጨት እጀታ በቀስታ ይመታል። ቱቦው ይፈታና ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይታያል። ከሚፈታው ውስጥ በትዕግሥት ያጸዱት የነበረው ሲሊንደሩን ነው፤ የኳስ ቅርጽ ያለው ደቃቅ ባሩድ በሲሊንደሩና በአቃፊው መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ እንደ ቅባት ይጋገራል። ማጽጃው ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ነው። የቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን አይነካም፤ ሞተሩ ብልጭታ አለው፣ የሚሰበስበውም ተቀጣጣይ ነገር ነው። በአየር መንፋትም አይፈቅዱም ነበር። አየር ቅንጣቱን አያስወግደውም፤ ወደማይታይበት ቦታ ያዛውረዋል እንጂ። እኔ ራሴ በቤተ ሙከራ ስንት ጊዜ ይህን ስሕተት እንደሠራሁ አልነግራችሁም።

የፕላስቲኩ ቋት ነገር ለብቻው ይነገር። ደረቅ አየር ባለበት ወቅት፣ በዚያ አገር ቤት በማሞቂያ በሚሞቅበት ክረምት፣ ቅንጣቶች ከፕላስቲክ ጋር ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይሞላሉ፤ ግድግዳውንም እንደ ብናኝ ይለብሱታል። ባሩዱ በግራፋይት የሚቀባው ለፍሰት ብቻ ሳይሆን ይህን ለመቀነስም ነው። አልፎ አልፎ ቋቱን ፈትቶ በሳሙና ውኃ ማጠብና ሳይወለውሉ በራሱ እንዲደርቅ መተው ይረዳል፤ የሚቀረው ስስ የሳሙና ሽፋን ሙላቱን ያሳልፋል። መወልወል ግን መፋተግ ስለሆነ ችግሩን መልሶ ያመጣዋል። የብረቱ ክፍል ውኃ አይፈልግም፤ ዘይትም እንደዚሁ። አዲስ የተገዛ መስፈሪያ ከፋብሪካው የዝገት መከላከያ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ያ ቅባት ካልተጠረገ የመጀመሪያው ባሩድ በላዩ ተለጥፎ የሁለተኛው ቅሪት ይሆናል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አዲሱ ባሩድ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ስፍሮች ግን ለቀለሃ አይውሉም፤ ለመስፈሪያው ናቸው። በአንድ በኩል የቀረውን ጠርገው ይወስዳሉ፣ በሌላ በኩል በቋቱ ውስጥ ያለው ክምር ተነቃንቆ እስኪረጋጋ ድረስ ክብደቱ ይዋዥቃል። በየሰፈራችን ያለ ጠንቃቃ ወፍጮ ፈጪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሽሮ ካለፈ በኋላ ጤፍ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ እህል ያሳልፋል። ያ ማጠቢያ ባሩድ ወደ አሮጌው ጣሳም ወደ አዲሱም አይመለስም። ጎረቤቴ በጓሮ ሣር ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት ነበር፤ በዚያ አገር የተለመደ ነው፤ ጥቂት ከሆነ በዝናብና በፀሐይ ይፈራርሳል። «ሁለት ሳንቲም የሚያወጣ ባሩድ ወደ ጣሳ የሚመልስ ሰው የጣሳውን ሙሉ ዋጋ ነው ያጣው» ይሉ ነበር።

ይህን ያሉት ከንፉግነት ጋር ሲታገሉ ስላየኋቸው ነው የማምናቸው። አንድ ቀን ጋራዡን ከፍተው ሲገቡ ቋቱ ግማሽ ድረስ ሙሉ ሆኖ አገኙት። ከሳምንታት በፊት እንግዳ መጥቶባቸው ሥራውን አቋርጠው ነበር፤ ወረቀቱም ወድቋል። በመደርደሪያው ላይ ሁለት የተከፈቱ ጣሳዎች አሉ፤ የሁለቱም ባሩድ ጥቁር፣ አጭር በትር መሳይ ነው። በዚያ ገበያ በስማቸው አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው፣ በአምራችና በባሕርይ ግን የሚለያዩ ባሩዶች እንዳሉ ልብ በሉ፤ 4350 የሚለው ቁጥር ከአንድ በላይ በሆኑ የንግድ ስሞች ይወጣል፣ የአንዱ ሠንጠረዥ ለሌላው አይሆንም። አንድ ቆንጥር አንሥተው በአጉሊ መነጽር አዩ። ሌላ ቆንጥር አዩ። «ይሄኛው ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከእርሳቸው ጋር ወደ ተኩስ ሜዳ ልትሄድ ቀጠሮ ነበራት። «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ሁለተኛ ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት፤ ቋቱንም ፈትተው ወደ ውጭ ወሰዱት። ግማሽ ፓውንድ ገደማ ነበር። ቋቱም ከውስጥ ደብዝዞ፣ እንደ ጉም ሆኖ ነበር፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ባሩድ በአንዳንድ ፕላስቲክ ላይ ሲቆይ እንዲህ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያቆሙ፣ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን፣ ቋቱ ባዶ ነበር።

ያ ግማሽ ፓውንድ በቴክኒክ ቋንቋ ካየነው ቅሪት ነው። ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ሦስት ግሬን ትንሹ ቅሪት ነው፤ ትልቁ ቅሪት ስሙ የጠፋበት ሙሉ ቋት ነው። የመጀመሪያውን ብሩሽ ያስወግደዋል። ሁለተኛውን የሚያስወግደው ብጣሽ ወረቀትና ባዶ ጠረጴዛ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የመድኃኒት ፋብሪካ ክኒን መምቻ ማሽንም ቋት አለው፣ ልኩ የሚስተካከል ጎድጓዳ አለው፣ የሚያሽከረክረው አካል አለው። ከአንድ ምርት ወደ ሌላው ሲዛወርም ያው ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ኮሌስቲራሚን ሬዚን የተባለ መድኃኒት ከገበያ ተሰብስቦ ነበር። ጥሬ ዕቃው ከግብርና ፀረ ተባይ ምርት በመጡ ኬሚካሎች ተበክሎ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ የተጠረጠረው ውስብስብ ነገር አልነበረም፤ ከፀረ ተባይ ምርት የተመለሰ ሟሚ ፈሳሽ የተቀመጠባቸው በርሜሎች፣ ኋላ ለመድኃኒቱ የሚውል ሟሚ እንዲይዙ ተደርገው ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ጽዳት ማረጋገጫ ባወጣው የቁጥጥር መመሪያ ይህን ጉዳይ እንደ አንድ መነሻ ጠቅሶታል። በዚያው ዓመት ፉርማንና ሙለን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በመሣሪያ ላይ ሊቀር ስለሚፈቀደው መጠን መስፈርት ሐሳብ አቀረቡ፤ ከቀድሞው መድኃኒት ፈዋሽ ስፍር ከሺህ አንድ በላይ በቀጣዩ የቀን ስፍር ውስጥ አይገኝ፤ ከሚሊዮን አሥር እጅም አይለፍ፤ በዓይንም ምንም አይታይ።

ይህ መስፈርት ብዙ ጠቅሟል፤ እናንተም በፈተና ትጽፉታላችሁ። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ከጤፉ ሲኒ ያገኘሁት ነው። ሂሳቡ ሲሠራ ቅሪቱ በጠቅላላው ምርት ላይ እኩል እንደሚከፋፈል ይታሰባል። በፈሳሽ ምርት ይህ ብዙም አያሳስትም። በደረቅ ዱቄት ግን ቅሪቱ ተያይዞ በአንድ እፍኝ ክኒን ላይ ሊያርፍ ይችላል። በመሆኑም የማጠቢያውን ውኃ ብቻ መርምሮ «ንጹሕ ነው» ማለት በቂ አይደለም፤ ውኃው የሚነግረን አብሮት የወረደውን እንጂ የቀረውን አይደለም። ለመጽዳት በጣም አስቸጋሪ የሆነውን ጥግ ለይቶ በጥጥ መጥረግና እርሱን መመርመር ያስፈልጋል። ጎረቤቴ ቱቦውን ፈትተው ወደ ብርሃን የሚያዩት ስለዚህ ነበር።

ፋብሪካ የሩቅ ነገር ከመሰላችሁ በየመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ያለውን የክኒን መቁጠሪያ ሰሌዳ አስቡ። ያልተሸፈነ ክኒን ሲቆጠርበት ብናኝ ይተዋል። ለፔኒሲሊን አለርጂክ የሆነ ሰው ከፔኒሲሊን በኋላ በዚያው ሰሌዳ የተቆጠረ የሌላ መድኃኒት ክኒን ሲወስድ የሚደርሰውን ማንም በቅድሚያ በሂሳብ ሊነግረው አይችልም። በአሜሪካ ሕግ ፔኒሲሊን የሚመረትበት ክፍል ከሌሎች የተለየ እንዲሆን የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በመድኃኒት ቤት ደረጃ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ለፔኒሲሊን የተለየ፣ ምልክት የተደረገበት ሰሌዳ፣ ለቀሪው በየመሀሉ የሚያገለግል አልኮል የነካው ጨርቅ።

ከመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስድስት የመቁጠሪያ ሰሌዳዎች አስቀምጫለሁ፤ ሁሉም ከሥራ ላይ የመጡና «ንጹሕ» የተባሉ ናቸው። ከጎናቸው ጥቁር ጨርቅ አለ። ስትወጡ አንዱን አንሡና ጠርዙን፣ በተለይም ክኒኑ የሚወርድበትን የጥግ ቦይ፣ በጨርቁ ጥረጉ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን ማውጣት ትችላላችሁ።